ከጥርጊያ መንገድ ውጭ መኪና ስለ መንዳት ለጀማሪዎች የቀረበ መግለጫ

የአገራችን ንግድ ሥሩ ያለው ከአስፋልት ዳር አይደለም። ቡናው የሚለቀመው በጫካና በተረተር ነው፤ ሰሊጡ የሚታጨደው በሑመራና በመተማ ቆላ በተዘረጋው የዋልካ ሜዳ ነው፤ ዕጣኑና ሙጫው የሚሰበሰበው ከበረሃ ነው፤ ቆዳውና ሌጦውም የሚመጣው መኪና በየቀኑ ከማይደርስበት የገጠር ገበያ ነው። አዳዲስ መንገዶች እየተሠሩ ርቀቱ ቢያጥርም፣ ከዋናው መንገድ ተነሥቶ ዕቃው እስካለበት ሥፍራ ድረስ ያሉት የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ዛሬም ብዙውን ጊዜ ኮረኮንች፣ ጭቃ፣ አሸዋ ወይም ወንዝ ናቸው። ዕቃውን በዓይኑ ሳያይ መግዛት የማይወድ ነጋዴ፣ ወይም እርሱ የሚልከው ሠራተኛ፣ እነዚህን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች መሻገር ግዴታው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በነጋዴው ዘንድ የተለመደ አንድ ስሕተት አለ። ይኸውም በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ በተለምዶ ፎር ዊል የሚባለውን መኪና የገዛ ሰው የትም መድረስ ይችላል ብሎ ማመን ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ማስተዋል የጎደለው ነጂ በጉልበተኛ መኪና ቢሄድ የሚያተርፈው ነገር ቢኖር፣ ዕርዳታ ከሚገኝበት ሥፍራ ይበልጥ ርቆ መቀርቀር ብቻ ነው። ከጥርጊያ መንገድ ውጭ የሚያደርሰው በመጀመሪያ ደረጃ የነጂው ዕውቀት፣ በሁለተኛ ደረጃ የጎማው ሁኔታ፣ በሦስተኛ ደረጃ የመኪናው ጉልበት ነው።

የበረሃው ምስክር

ለዚህ አባባል በታሪክ በቂ ምስክር ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት ራልፍ ባግኖልድ የተባለ እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ከባልደረቦቹ ጋር በፎርድ አውቶሞቢሎች የሊቢያን በረሃ ሲመረምር ነበር። መኪናዎቹ የሚጎተቱት በኋላ ጎማዎቻቸው ብቻ ነበር። ሆኖም እነዚህ ሰዎች የጎማውን ነፋስ ቀንሰው በመንዳት፣ መኪናው ሲሰምጥ ከጎማው ሥር የብረት ቦይ በማንጠፍ፣ ከራዲያተሩ የሚወጣውንም እንፋሎት አቀዝቅዘው መልሰው ውሃ በማድረግ፣ መኪና ሊያልፈው አይችልም ይባል የነበረውን የአሸዋ ባሕር ተሻገሩት። እ.ኤ.አ. በ1940 በዚሁ መኮንን አሳቢነት የተቋቋመው የበረሃ ቃኚ ጦርም ከተጠቀመባቸው መኪናዎች ብዙዎቹ በኋላ ጎማ ብቻ የሚጎተቱ የሸቭሮሌ ካሚዮኖች ነበሩ።

በአራቱም ጎማ የሚጎትቱት ትንንሽ መኪናዎች በሕዝብ ዘንድ የታወቁት ከዚህ በኋላ ነው። ጂፕ በብዛት መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1941 ሲሆን፣ ላንድሮቨር በአምስተርዳም ኤግዚቢሽን ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ዘዴው ከመኪናው ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ጀማሪው ነጂም እንዲሁ ዘዴውን ከመኪናው ማስቀደም ይገባዋል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሎ የለምን?

የመኪናውን ጠባይ ስለ ማወቅ

በአራቱም ጎማ መጎተት ማለት የሞተሩ ጉልበት በሁለት ጎማ ፈንታ ለአራት ተካፍሎ መሬቱን መቆንጠጡ ነው። ይህ ለመነሣትና ለመውጣት ይጠቅማል። ለማቆም ግን ከሌላው መኪና የተለየ ጥቅም የለውም፤ ምክንያቱም ፍሬን በማናቸውም መኪና ላይ ቢሆን የሚሠራው በአራቱም ጎማ ነውና። በእርጥብ ቁልቁለት ላይ መኪናዬ ጉልበተኛ ነው ብሎ የሚፈጥን ነጂ ይህን የዘነጋ ሰው ነው።

ብዙዎቹ የሥራ መኪናዎች ከተራው ማርሽ ሌላ የዝቅታ ማርሽ አላቸው። ይህ ማርሽ ፍጥነትን ቀንሶ ጉልበትን የሚያበዛ ስለ ሆነ፣ ለዳገት፣ ለቁልቁለት፣ ለድንጋያማ ሥፍራና ለወንዝ መሻገሪያ የተዘጋጀ ነው። ጀማሪው ማስታወስ ያለበት ማርሹ መግባት የሚገባው ችግሩ ከመድረሱ በፊት መሆኑን ነው። በዳገቱ አጋማሽ ላይ ማርሽ ፍለጋ የጀመረ ሰው መኪናው ወደ ኋላ ይንሸራተትበታል።

በሌላ በኩል መካከለኛ ዲፈረንሻል በሌለው መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በአራት ጎማ እየጎተቱ መሄድ አይገባም። መኪናው ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የረዘመ መንገድ ስለሚሄዱ፣ ልዩነቱ መውጫ አጥቶ ማስተላለፊያውን ያስጨንቀዋል፤ ጎማም ይበላል። በጭቃና በአሸዋ ላይ ግን ጎማው ጥቂት መንሸራተት ስለሚችል ጉዳት የለውም።

የከፍታንም ነገር ማሰብ ይገባል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። በቆላ ዳገቱን ያለ ችግር የወጣ መኪና በ2,500 ሜትር ደጋ ላይ በዚያው ጭነት ቢለግም ጥፋቱ የመካኒኩ አይደለም።

ስለ ጭነት

አንድ የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ አሥር ጆንያ 600 ኪሎ ነው። ይህን ክብደት በመኪናው ወለል ላይ የጫነና በጣሪያው ላይ የጫነ ሰው የሚነዱት አንድ ዓይነት መኪና አይደለም። ጭነት ከፍ ባለ ቁጥር መኪናው በጎን ተዳፋት ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ዝቅ ብሎ፣ ወደ መኪናው መካከል ተጠግቶ፣ እንዳይንከባለልም በገመድ ታስሮ መጫን አለበት። ባዶውን የተሻገረው ሥፍራ ተጭኖ ሲመለስ ላያሻግረው እንደሚችልም ነጂው ሲሄድ ሳለ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ስለ ጎማ ነፋስ

ለጀማሪ ከሚነገረው ምክር ሁሉ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ትልቅ የሆነው ይህ ነው። ነፋሱ የተቀነሰ ጎማ በመሬት ላይ ይንጣለላል፤ መሬቱን የሚነካበትም ርዝመት ስለሚጨምር ክብደቱ በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። ግመል በአሸዋ ላይ ሳትሰምጥ የምትሄደው መርገጫዋ ሰፊ ስለ ሆነ ነው፤ የጎማውም ነገር ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

ለምሳሌ በአስፋልት ላይ 35 ፒ.ኤስ.አይ. የሚሞላ ጎማ በኮረኮንች ላይ ወደ 28 ቢወርድ ንዝረቱ ይቀንሳል፤ በሹል ድንጋይም በቀላሉ አይቀደድም። በአሸዋ ላይ ከ18 እስከ 20 ድረስ ሊወርድ ይችላል። ጀማሪ ከ15 በታች መውረድ የለበትም፤ ጎማው በመታጠፊያ ላይ ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላልና። ከባድ ጭነት ያለበት መኪና ከዚህ የበለጠ ነፋስ ስለሚያስፈልገው በዚህ ረገድ የመኪናውን መመሪያ መመልከት ያሻል። ነፋሱ በዚህ ዓይነት በጣም በተቀነሰ ጎማ በሰዓት ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ አይገባም። አስፋልት ሲደረስም እንደገና መሙላት ግድ ነው፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲሮጥ ይግላል፣ ቀጥሎም ይፈነዳል። ስለዚህ የነፋስ መለኪያና ከባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ሳይዙ ነፋስ ማስተንፈስ ስንፍና ነው።

ወርዶ ስለ ማየት

ልምድ ያለው ነጂ ከጀማሪው የሚለየው ብዙ ጊዜ ከመኪናው ስለሚወርድ ነው። የማያውቀው ጭቃ፣ ጉድጓድ ወይም የወንዝ መሻገሪያ ሲያጋጥመው ይቆማል፤ በእግሩ ይሄድበታል፤ በበትር ይወጋዋል፤ ከወዲያኛው ወገን ያለውን መውጫ ያያል። በእግር የአምስት ደቂቃ መንገድ የአንድ ቀን ቁፋሮን ያስቀራል።

የአገሩን ሰው መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አጠያየቁ ዘዴ ይፈልጋል። ባላገሩን «መኪና ያልፋል ወይ?» ብለው ቢጠይቁት እንግዳን ላለማሳዘን «ያልፋል» ሊል ይችላል። ስለዚህ «የመጨረሻው መኪና ያለፈው መቼ ነው? ምን ዓይነት መኪና ነበር? ተጭኖ ነው ወይስ ባዶውን? ከዚያ ወዲህ ዘንቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ከአራቱ ጥያቄዎች የሚገኘው መልስ ከአንዱ ጥያቄ መልስ ይልቅ የታመነ ነው።

ስለ ዳገትና ቁልቁለት

ዳገትና ቁልቁለት የሚወጣውም የሚወረደውም በቀጥታ ነው፤ በጎን ማቋረጥ የመገልበጥ ምክንያት ይሆናል። በዳገት ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ወይም ጎማው ቢንሸራተት፣ መኪናውን ለማዞር መሞከር ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ነጂው ፍሬን ይዞ የኋላ ማርሽ በዝቅታ ያስገባል፤ ሞተሩን አስነሥቶም መሪውን ቀጥ አድርጎ በመጣበት መንገድ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

በቁልቁለት ላይ መኪናውን መያዝ ያለበት ሞተሩ ነው። በዝቅታ አንደኛ ማርሽ ተይዞ፣ እግር ከፍሪሲዮን ላይ ተነሥቶ፣ ፍሬን በጥቂቱ ብቻ እየተነካ ይወረዳል። ፍሪሲዮን ረግጦ ወይም ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሰው መኪናውን በፍሬን ላይ ብቻ ጥሎታል፤ ፍሬኑም ሲግል አይዝም። በድንጋያማ ሥፍራ ደግሞ የእጅ አውራ ጣት ከመሪው ክብ ውጭ መሆን አለበት፤ ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው በድንገት ዞሮ ጣት ሊሰብር ይችላል።

ስለ ዋልካና ስለ አሸዋ

የዋልካ መሬት በበጋ እንደ ድንጋይ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ግን አብጦ እንደ ሙጫ ይለጥፋል። በጎማው ጥርስ መካከል ገብቶ ስለሚሞላው ጥርስ ያለው ጎማ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። በእንደዚህ ያለ መሬት ላይ ምርጡ ዘዴ መጠበቅ ነው፤ ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት ወይም ለአንድ ቀን ስትመታው ገጹ ይደርቃል። መሄድ ግድ ከሆነ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ፣ ሳይቆሙ፣ ነዳጅ ሳያበዙ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት መሄድ ነው። መኪናው ወደ ጎን ቢንሸራተት መሪውን ወደ ተንሸራተተበት አቅጣጫ በቀስታ ማዞርና እግርን ከነዳጅ ላይ ማቅለል እንጂ ፍሬን መርገጥ አይገባም።

በአሸዋ ላይ ደግሞ ፍሬን ረግጦ ከመቆም ይልቅ መኪናው በራሱ እንዲቆም መተው ይሻላል፤ ፍሬን በጎማው ፊት የአሸዋ ክምር ይሠራልና። ማቆሚያም የሚመረጠው ወደፊት ትንሽ ተዳፋት ባለበት ሥፍራ ነው። በአፋር የጨው ሜዳዎችና በመሰሎቻቸው ላይ ከላይ የደረቀ የሚመስለው ቅርፊት ከሥሩ ረግረግ ሊሆን ስለሚችል፣ ያለ አገር ተወላጅ መሪ ከተለመደው የመኪና ፈለግ መውጣት አይገባም።

ስለ ወንዝ

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ በውሃ ዘንድ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውሃ ትንሽ አውቶሞቢል ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ውሃ ደግሞ ከባዶቹን የመስክ መኪናዎች ጭምር አብዛኞቹን ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ጀማሪ ከጎማው ግማሽ በላይ ወደሚደርስ ውሃ፣ ወይም ሰው በእግሩ ቆሞ ሊሻገረው ወደማይችል ወራጅ፣ መግባት የለበትም።

ወደ ውሃው የሚገባው በዝቅታ ማርሽ፣ በእርምጃ ፍጥነት ነው፤ በመካከል ማርሽ አይለወጥም። በኃይል የገባ ሰው ውሃውን ወደ ሞተሩ የአየር መሳቢያ ይረጨዋል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ወደ ሞተሩ የገባ እንደ ሆነ በውስጡ ያሉትን ዘንጎች ያጣምማል። በውሃው ውስጥ ሞተሩ ቢጠፋ ውሃ መግባት አለመግባቱ ሳይታወቅ እንደገና ለማስነሣት መሞከር ጥፋቱን ያባብሳል። ከተሻገሩም በኋላ ፍሬኑን ቀስ እያሉ በመርገጥ ማድረቅ፣ ቤት ሲደርሱ ደግሞ የዲፈረንሻሉና የካምቢዮው ዘይት ወተት መስሎ እንደ ሆነ ማስመርመር ያስፈልጋል።

በቆላ አገር ያለው ደረቅ የወንዝ አሸዋ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በሩቅ ደጋ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ውሃ ሆኖ በድንገት ይመጣል። በወንዙ ውስጥ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር መኪና አቁሞ ምሳ መብላትም ሆነ ማደር ሕይወትን ለአደጋ አሳልፎ መስጠት ነው። ገለባና ጭራሮ ይዞ የሚመጣ የደፈረሰ ውሃ የታየ እንደ ሆነ፣ ወይም ከላይ የጉርምርምታ ድምፅ የተሰማ እንደ ሆነ፣ ዕቃን ትቶ ወደ ከፍታ መውጣት ያሻል። ጎርፉ ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፤ የሚጠብቀው ሰው በደረቅ እግሩ ይሻገራል።

መኪናው ሲቀረቀር

ጎማው ተሽከርክሮ መኪናው አልሄድ ያለ እንደ ሆነ ወዲያውኑ ነዳጅ መስጠት ይቁም። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ነዳጅ ሁሉ ጉድጓድ መቆፈሪያ ነው። ቀጥሎ ከጎማዎቹ ፊትና ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው አፈር በአካፋ ይጠረጋል፤ የጎማው ነፋስ ይቀነሳል፤ ሳንቃ፣ ድንጋይ ወይም ቅጠል ከጎማው ሥር ይነጠፋል። ክሪክ በለስላሳ መሬት ላይ ስለሚሰምጥ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ ያስፈልገዋል፤ በክሪክ ብቻ ከተደገፈ መኪና ሥር መግባት ግን በማናቸውም ምክንያት ቢሆን የተከለከለ ነው።

በሌላ መኪና የሚጎተት ከሆነ ገመዱ መታሰር ያለበት ለዚሁ በተሠራውና በሻንሲው ላይ በተያዘው መንጠቆ ነው። የተሳቢ መጎተቻ በሆነው ክብ ብረት ወይም በፓራውልት ላይ ማሰር ሰው የገደለ ስሕተት ነው፤ ብረቱ ተነቅሎ እንደ ጥይት ይወረወራልና። በሚጎተትበት ጊዜ ተመልካቾች ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል መራቅ አለባቸው። ለመግፋት የመጡትም ከሚሽከረከር ጎማ ኋላ እንዳይቆሙ ነጂው አስቀድሞ ማሳሰብ አለበት።

ስለ ልምምድ

ጀማሪው ልምምዱን የሚጀምረው በበጋ፣ በደረቅ ሜዳ፣ ባዶ መኪና ይዞ፣ ከሌላ መኪና ጋር ነው። በመጀመሪያ የመኪናውን ከፍታና ስፋት፣ የሆዱንም ዝቅተኛ ቦታ ይለካ። ቀጥሎ የዝቅታ ማርሽን በትንሽ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ይለማመድ። ከዚያ አሸዋና ቀላል ጭቃ፣ በመጨረሻም ጥልቀቱ የታወቀ ውሃ ይከተላል። ለመንገድም አካፋ፣ ሁለት ሳንቃ፣ ክሪክ፣ ጠንካራ ገመድ፣ ሁለት ስኮርት ጎማ፣ የሕክምና መጀመሪያ ዕርዳታ መሣሪያ፣ በቆላ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ የሚጠጣ ውሃ፣ እንዲሁም ከታሰበው ግማሽ ያህል የሚበልጥ ነዳጅ መያዝ አለበት። ስልክ በማይሠራበት አገር የሚሄድ ሰው መንገዱንና የሚመለስበትን ሰዓት ለሱቁ ወይም ለቢሮው ጽፎ ይተው።

የባለቤቱ ድርሻ

ብዙ ነጋዴዎች መኪናውን ራሳቸው አይነዱም፤ ሠራተኛ ይልካሉ። ይህ ጽሑፍ ግን እነርሱንም ይመለከታል። ነጂ ወደ ሞላ ወንዝ የሚገባው ሁልጊዜ ከድፍረት ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ዘገየህ ተብሎ መወቀስን፣ ከደመወዙም መቆረጥን ስለሚፈራ ነው። ጂቡቲ ላይ የሚጠብቅ መርከብ አለ፣ የብድር ወለድ ይቆጠራል፣ ገበያው ነገ ይወርዳል የሚል ትእዛዝ በስልክ በተላለፈ ጊዜ፣ መሪውን የያዘው ሠራተኛው ቢሆንም መኪናውን ወደ ውሃው የነዳው ባለቤቱ ነው።

ሒሳቡን በጽሑፍ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ቀን ቢጠበቅ የሚወጣው የውሎ አበል፣ የማደሪያና የመዘግየት ኪሣራ ነው። ሳይጠበቅ ቢገባና ባይሳካ የሚወጣው ሞተር ነው፤ ወይም ዕቃው በሙሉ ነው፤ ወይም በማናቸውም መዝገብ ላይ ሊጻፍ የማይችለው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሠራተኛውን ከመላኩ በፊት አንድ ቃል ሊሰጠው ይገባል፤ ይኸውም መንገዱን አይቶ የተመለሰ ነጂ እንደማይወቀስና ከደመወዙም እንደማይቆረጥበት ነው። ይህ ቃል ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሆኖም ከብዙ ገንዘብ የተገዛ መኪና ይልቅ ሰውንና ንብረትን ይጠብቃል።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአባቶች ቃል ለእህል ነጋዴ ብቻ የተነገረ አይደለም። ከወንዝ የፈሰሰ ጭነት ግን የሚለቀምም አይሆንም።